ከዳንግላው ፋይል የጎደለች ቀን

ዮናዳብ ዳንግላ ካለው የዓይን ክሊኒክ ሲደርስ፣ ከአዲስ ቅዳም ማዶ ካሉ ቀበሌዎች የመጡ አሥራ ሁለት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሁሉም ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የተመዘገቡ ናቸው። "መስከረም 15 ይምጡ" የሚል መልእክት በስልካቸው ደርሷቸው ነበር፤ ቀኑም መስከረም 15 ነው። ሐኪሞቹ ግን በ14 መጥተው፣ በድምፅ ማጉያ የተጠሩትን የከተማ ሰዎች አክመው፣ በዚያው ዕለት ተመልሰዋል።

መልእክቱን የላከው የዮናዳብ ፕሮግራም ነው። እሱና ርብቃ እንጅባራ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይሠራሉ፤ እሷ የአንድ መድኃኒት ቤት ፕሮግራም፣ እሱ የክሊኒኩን። ሐኪሞቹ የሚመጡበትን ቀን የሚያሳውቁት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ የሚመልሰው ፋይል ለሁለቱም አንድ እንዲሆን ተስማምተው ነበር።

"እንዳትገለብጠው፤ ከጋራው ማኅደር ጋር አገናኘው" ብላው ነበር ርብቃ። "ሁለት ቦታ የተቀመጠ ፋይል ሁለት ሚስት እንዳለው ሰው ነው። አንዷ የሰማችውን ሌላዋ አትሰማም።"

"ሁለት ሚስት ያለው ሰው ደግሞ የት አየሽ?"

"አጎቴን ጠይቀው።"

ማገናኘቱ አልሆንለት አለ፤ ኔትወርኩ በተቋረጠ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው። በሦስተኛው ቀን ፋይሉን ገልብጦ አስገባው። "አገናኘኸው?" ስትለው፣ አልቻልሁም ማለት አፍሮ "አዎ" አላት።

ነሐሴ ላይ ርብቃ ዘመኑ ሉቃስ መሆኑን፣ ጳጉሜንም ስድስት እንደምትሆን አስታውሳ፣ አምስት ብቻ የሚቆጥረውን መስመር አረመችው። "አንተም ጋ ይደርሳል" አለችው። ዮናዳብ የራሱን ቅጂ ማረም ዐሥር ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። ግን ፋይሎቹን የሚይዝላቸው ጊት የተባለው ፕሮግራም ማን የትኛውን ፋይል እንደለወጠ ስም ጠርቶ ይመዘግባል፤ ርብቃ ታያለች፤ ውሸቱ ይወጣል። እሷ መዝገቡን የማታይበትን ቀን ልጠብቅ አለ። ሲጠብቅ ረሳው፤ የእሱ ቅጂም ጳጉሜን በአምስት ዘግቶ፣ የመስከረም 14ን ቀጠሮ 15 አለው።

ከግድግዳው ሥር ጋሽ ቢሻው ከልጃቸው ከደጊቱ ጋር ተቀምጠዋል። ግራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል።

"የኮምፒውተር ስሕተት ነው አሉ፣ አባ" አለቻቸው።

"ኮምፒውተሩን እንግዲህ ምን ይሉታል? ትናንት እኮ ቤት ነው የዋልሁ። ሥራ እንኳ አልነበረኝ።"

ዮናዳብ ፊታቸው በርከክ አለ። "ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ አይደለም። እኔ ነኝ። ማረም እየቻልሁ አፍሬ ተውሁት።"

"ማንን አፍረህ?"

"አብራኝ የምትሠራ ልጅ አለች።"

ሽማግሌው ድምፁ ወደ መጣበት ዞሩ። "ቆንጆ ናት?"

"ኧረ አባ!" አለች ደጊቱ። የተቀመጡት ሳቁ። ዮናዳብ አንገቱን ደፋ።

"ሐኪሞቹ መቼ ይመለሳሉ?"

"ለከርሞ ነው፣ ጋሼ።"

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ቢሻው ቀኝ እጃቸውን ከፊታቸው ዘርግተው ጣቶቻቸውን ቆጠሩ፤ ቀረብ አድርገው እንደገና ቆጠሩ።

"ይቺ ዓይን እስከ ከርሞ አትጠብቀኝም" አሉ፣ ለእሱ ሳይሆን ለልጃቸው።