ለልጆቹ የቆመው ድንኳን

ባለቤቴ ሥርጉት ከመሞቷ በፊት አንድ ጊዜ ተለቅሶላታል። ለቅሶውን ቆማ ሰምታለች። ቅሬው የፈረደባትም በዚያ ምክንያት ነው።

ቅሬ በሌላው አገር እድር የሚሉት ነው። ኮምቦልቻ እኛ ሰፈር ያለው ቅሬ እስላሙንም ክርስቲያኑንም፣ ነጋዴውንም እንደኔ ያለውን የፋብሪካ ሠራተኛም አንድ ላይ ይቀብራል። ዳኛው ሀጂ ሱሌማን ናቸው። የቅሬው ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት በአንድ የቆርቆሮ ክፍል ይቀመጣል። ቁልፉ ሥርጉት ዘንድ ነበር። ለምን እሷ ዘንድ ሆነ ቢባል፣ ዕቃ ሳይታጠብ ከገባ እንቅልፍ የማይወስዳት እሷ ብቻ ስለነበረች ነው።

ሥርጉት ልቧን ታማ ነበር። ደሴ የመረመራት ሐኪም ዳገት እንዳትወጣ ነገራት። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ደሴ በምን እንደምትወጣ ግን አልነገራትም። እሷ ስለ ልቧ ብዙም አታወራም፤ የምታወራው ስለኔ ነው። ልጅ የለንም። ወንድሞቼ ኩታበር ገበሬዎች ናቸው፤ ሥራቸውን ጥለው ብዙ ሊቀመጡ አይችሉም። እኔ ደግሞ ሰው ቤቴ ቢመጣ ምን እንደምለው አላውቅም።

“እኔ ስሞት ቅሬው ድንኳን ተክሎ ሦስት ቀን ካልተቀመጠልህ፣ ግድግዳ ስታይ ነው የምትውለው” ትለኝ ነበር። “ድንኳኑን አይጥ እንዳይበላው የምጠብቀው ለማን መሰለህ?”

የምትፈራው ይህን አንድ ነገር ነበር። እኔ ብቻዬን እንዳልቀመጥ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈርተኛው የጴንጤዎቹ አዳራሽ በሚለው ቤተ ክርስቲያናችን ሕፃናት ታስተምራለች። የሚመጡት ጥቂት ነበሩ፤ እነሱም ወላጆቻቸው አዳራሹን ሲጠርጉ አብረው የመጡ ናቸው። አንድ ቀን ጸጋው የሚባል የደሴ አገልጋይ ደወለላትና የስጦታ ካርቶን መጥቷል አላት። ውጭ አገር ያሉ ምእመናን በጫማ ካርቶን በሚያክል ሣጥን ለማያውቁት ልጅ የገና ስጦታ አሽገው ይልካሉ። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ጠርታ ታድላለች፤ ስለ ኢየሱስ የሚናገር ትንሽ መጽሐፍም አብሮ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የወደደ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይማራል። ካርቶኖቹ መንገድ ላይ ቆይተው ስለነበር የገናው ስጦታ የደረሰው በሰኔ ነው። ሥርጉት ይህን ስታነሳ ጸጋው፣ ለሕፃን ገና ማለት ስጦታ ያገኘበት ቀን ነው አላት። አልተከራከረችም።

ከደሴ ፒያሳ በአይሱዙ ጭነን አመጣናቸው። እሷ ከሾፌሩ ጋር ፊት ተቀመጠች፣ እኔ ከካርቶኖቹ ጋር ከኋላ። በየካርቶኑ ላይ የወንድ ወይም የሴት፣ የትንሽ ወይም የትልቅ ልጅ መሆኑ ተጽፏል። መክፈት ክልክል ነው።

ከዚያ ቤት ለቤት ሄደች። እስላም እናቶችንም ክርስቲያን እናቶችንም፣ ካርቶኑ ውስጥ መጽሐፍ አለ፣ የማትፈልግ ለኔ ትመልስልኝ፣ አልቀየምም ትላቸዋለች። ጸጋው እንዲህ በይ አላላትም ነበር። ሀጂ ሱሌማን የልጅ ልጃቸውን ነጂባን ልትጠራ ስትሄድ፣ ካርቶኑን ትውሰድ፣ መጽሐፉን መጀመሪያ እኔ አየዋለሁ አሏት። ምንም ክፉ ነገር አልነበረም።

ችግሩ አዳራሹ ጠባብ ነው፤ ያፈሳልም። ሥርጉት አሰበችና መፍትሔ አገኘች። የቅሬው ድንኳን በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ወጥቶ ይናፈሳል፤ ካልተናፈሰ ይሻግታል። ማናፈሱ የሷ ሥራ ነው። ዘንድሮ በአዳራሹ ግቢ ቢናፈስና ልጆቹ ከሥሩ ቢቀመጡ ማንን ይጎዳል?

ቅዳሜ ጠዋት ምእመናኑ ድንኳኑን ተከሉት። አግዳሚ ወንበሮቹንም ደረደሩ።

የቅሬው ጡሩምባ ነፊ ከሊድ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ ድንኳኑን ቆሞ አየው። ለሱ የነገረው የለም። በኋላ እንዳጫወተኝ፣ ሌላ ጡሩምባ ነፊ ተቀጥሯል ብሎ ነው የደነገጠው። ዳቦውን ተወው፣ ቤቱ ተመልሶ ጡሩምባውን አነሣ፣ ሰፈሩን አዳረሰው። ማን ሞተ ብለው ሲጠይቁት፣ “ድንኳኑ ጴንጤዎቹ ግቢ ነው” እያለ አለፈ። ቀሪውን ሰው ራሱ ሞላው። ከዚያ ግቢ ታማሚ ናት ተብላ የምትታወቀው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

እኔ ከሌሊት ፈረቃ እየወጣሁ ነበር። የፋብሪካው ዘበኛ እጄን ያዘና አላህ ያጽናህ አለኝ። በምን ብዬ ጠየቅሁት። እጄን ለቆ ዞር አለ። ያኔ ገባኝ። እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፤ ምሳ ዕቃዬን እዚያው ጥያለሁ። የአዳራሹን ግቢ ሰው ሞልቶታል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። ሰው ገፍቼ ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ሥርጉት አንዱን ልጅ ከትልልቆቹ መሃል አንሥታ ወደ ቦታው ወደ ትንንሾቹ ረድፍ እየወሰደችው ነበር።

“ዳምጤ” አለችኝ፣ “ቁርስህን በልተሃል?”

አልበላሁም አልኳት።

ወዲያው ጎረቤታችን እትዬ ቡዜ እያለቀሱ ገቡ። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ስለደፉት ማንንም አያዩም። የሥርጉትን ደግነት፣ ንጽሕና፣ የወጥ አያያዟን ሁሉ አነሡ። ሥርጉት ካርቶን እንደታቀፈች ቆማ ሰማቻቸው። በኋላ ለምን ዝም አልሽ ስላት፣ የሚያለቅስ ሰው አይቋረጥም አለችኝ። እትዬ ቡዜ ግን እያለቀሱ ስለ ድስታቸው ደረሱ። ትልቁን ድስቴን እንደያዘች ሄደች አሉ።

“እትዬ ቡዜ፣ ድስቱን እኮ መልሼልዎታለሁ” አለች ሥርጉት። “ከበሩ ኋላ ነው ያስቀመጥኩት።”

እትዬ ቡዜ ነጠላውን ገለጡ። ትንሽ አዩዋት።

“ታዲያ ማነው የሞተው?”

“ማንም አልሞተም።”

“ይሄ ሁሉ ሰውስ?”

“እኔም እሱን ልጠይቅዎት ነበር።”

ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ለለቅሶ የመጣ ሰው ሳይቀመጥ አይመለስም፤ ንፍሮውም ተጥዶ ነበር። ሐዘንተኛው አንድ ወገን፣ ልጆቹ አንድ ወገን ተቀመጡ። ሥርጉት ካርቶኖቹን አደለችና፣ “ክፈቱ ሳልላችሁ አትክፈቱ፣ ሂዱ ሳልላችሁ አትነሱ” አለች። ልጆቹ እንዲህ ጸጥ ብለው አይቼ አላውቅም፤ ለቅሶ ቤት መሆኑን አምነዋል።

ሲከፈት ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽ፣ እርሳስ፣ አሻንጉሊት ወጣ። የሱፍ ኮፍያና የሱፍ ጓንት ደግሞ በብዛት ወጣ። የላኩት ሰዎች ኮምቦልቻን አያውቋትም። ነጂባ የደረሳትን አናቱ ላይ የክር ኳስ ያለበት ቀይ ኮፍያ አጠለቀችና ላቧ እየወረደ ተቀመጠች። ከአንዱ ካርቶን በክር ላይ የምትወርድና የምትወጣ ክብ ነገር ወጥታ ከሽማግሌ ሽማግሌ ስትዘዋወር ዋለች። የግንበኛ ቱንቢ ናት ተብሎ ተስማሙ። ጸጋው ከደሴ መጥቶ ስለነበር በስልኩ ፎቶ አነሣ። ፎቶው ላይ ካርቶን የታቀፉ ልጆች አሉ፤ ከኋላቸው እናቶች እንባቸውን ይጠርጋሉ። ውጭ አገር ያሉት ሰዎች ወላጆች በስጦታ ይህን ያህል ልባቸው ሲነካ አይተን አናውቅም ብለው ጻፉለት።

በሳምንቱ ቅሬው ሥርጉትን ጠራት። እኔም አብሬያት ሄድኩ። ሀጂ ሱሌማን ወንበራቸውን ከዋርካው ሥር አስቀምጠው ጠበቁን። ከሊድ አጠገባቸው ቆሟል፤ ጡሩምባውን ይዟል፣ ማንም እንዳይወስድበት ይመስለኛል።

“ድንኳኑን ለምን አቆምሽው?” አሏት።

“እያናፈስኩት ነበር፣ ሀጂ።”

“ድንኳን ሲናፈስ ይዘረጋል እንጂ አይቆምም።”

ይህን ከሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም።

አንዳንዶቹ ትባረር አሉ፤ ልጆቻችንን በካርቶን ልታማልል የሞት ድንኳን አወጣችብን፣ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ድንኳን መትከል ሟርት ነው አሉ። ሀጂ ሁሉንም ሰሙ። መጽሐፉን ስላየሁት እኔን ጠይቁኝ፣ ሥርጉት ከመጀመሪያው የነገረችን ነገር ነው፣ በዚህ አንከሳትም አሉ። ከዚያ ፈረዱ።

“ቅሬው ወጥቶልሻል። ድንኳን ተተክሏል፣ ጡሩምባ ተነፍቷል፣ ተለቅሷል፣ ንፍሮ ተበልቷል። የቀረሽ ቀብር ብቻ ነው። ያቺ ቀን ስትመጣ እንቀብርሻለን። ድንኳን ግን ሁለት ጊዜ ለአንድ ሰው አይቆምም።”

“ሀጂ፣ ያኔ እኮ አልሞትኩም።”

“እሱን ለቅሬው ማሳወቅ ያንቺ ፋንታ ነበር።”

ቁልፉን አስረከበች። ወደ ቤት ስንመለስ ድካሙ ብሶባት ሁለት ጊዜ ቆመች። ስለ ራሷ አንድም ቃል አልተናገረችም። ግድግዳውን ቀለም እንቀባው ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። ለኔ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አያስፈልግም አልኳት።

አንድ ጊዜ ሀጂን መንገድ ላይ አግኝታ ለመነቻቸው። ድንኳኑ ለኔ ሳይሆን ለዳምጤ ነው ብላ ነገረቻቸው። “አብሽሪ፣ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው” ብለዋት አለፉ። ፍርድ የሰጠ ሰው እንዲያ ነው የሚመልሰው።

ካርቶኑ ያመጣቸው ልጆች ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣታቸውን አልተዉም። መጽሐፉን የመለሱትም ይመጣሉ፤ አንዳንዱ ለመዝሙሩ፣ አንዳንዱ ከቤት ሥራ ለማምለጥ። ነጂባ ኮፍያዋን አድርጋ ከፊት ትቀመጣለች፤ ሥርጉት ሂዱ ሳትል የሚነሣ የለም። ሀጂ ያውቃሉ፤ ዝናብ ስለሆነ ኮፍያው ጥሩ ነው ይላሉ።

ሥርጉት በነሐሴ ሐሙስ ቀን ሞተች። ወጥ እያማሰለች ነበር፤ ማማሰያውን አስቀምጣ ነው የተቀመጠችው።

ከሊድ በዚህኛው ጊዜ ቤቴ ድረስ መጥቶ ዓይኔን እያየ እርግጥ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እርግጥ ነው አልኩት። ስሟን ጠርቶ ነፋው። ዓርብ ቅሬው አንድ ሰው ሳይቀር ወጥቶ ቀበራት። ከመቃብር ስንመለስ ደጄ ላይ ቆመው አጽናኑኝና ተበተኑ። እትዬ ቡዜ ብቻ ድስት ሙሉ ምግብ አስቀምጠው ሄዱ። ፍርዱ ፍርድ ነው፤ አልተቀየምኩም።

ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ግድግዳውን አየሁ። እሷ እንዳለችው ነው። ቀለም ያስፈልገው ነበር።

ረፋዱ ላይ ግቢው ውስጥ ኮቴ ሰማሁ። ስወጣ ልጆቹ ናቸው። አዳራሹ ተቆልፎ ስላገኙት ወደኔ መጥተዋል። ትንንሾቹ ከፊት፣ ትልልቆቹ ከኋላ ሆነው እሷ እንደምታስቀምጣቸው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሱፍ ኮፍያ ያላቸው አድርገዋል።

“መምህራችሁ አርፋለች እኮ” አልኳቸው።

“እናውቃለን” አለች ነጂባ።

“ታዲያ?”

“ሂዱ ሳልላችሁ አትነሱ ብላናለች።”

ሂዱ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። በርጩማ አምጥቼ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

እናቶቹ ልጆቻቸውን ፍለጋ መጡ። ሐዘንተኛ ቤት ገብቶ ልጅ ጎትቶ መውጣት ነውር ስለሆነ ተቀመጡ። ባሎቻቸውም እነሱን ፍለጋ መጡና ተቀመጡ። ከዚያ ዝናቡ ጀመረ። ቤቴ ሁሉንም አይችልም፤ የተቻለው ገባ፣ ልጆቹ ግን ከመስመራቸው ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ ሀጂ ሱሌማን ነጂባን ፍለጋ መጡ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆመው የራሰውን ቀይ ኮፍያ አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

“ከሊድ” አሉ ተከትሏቸው ወደመጣው ጡሩምባ ነፊ ዞረው። “ድንኳኑን አምጡ።”

“ሀጂ፣ ፍርዱስ?”

“ፍርዱ እንዳለ ነው። ለሥርጉት ድንኳን አይቆምም። ይሄ ለልጆቹ ነው። ለልጆች ቆሞ ያውቃል።” ትንሽ አሰብ አደረጉና ጨመሩ፦ “መናፈስም አለበት።”

“በዝናብ?”

ቁልፉን አውጥተው ሰጡት።

ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆመ። ማታ ማታ እናቶቹ ልጆቹን ይወስዷቸዋል፣ ጠዋት ገና አልተሰናበትንም ብለው ይመለሳሉ። ሰውም ልጅ ልጠብቅ እያለ ይመጣና ይቀመጣል። ስለ ሥርጉት ብዙ ተወራ። እኔ ብዙም አልተናገርኩም፤ አላስፈለገም።

ሰኞ ከሰዓት ሀጂ ወደኔ ጠጋ አሉ። “ድንኳኑ ሊነሳ ነው፤ ልጆቹን አሰናብታቸው” አሉኝ። ተነሥቼ ፊታቸው ቆምኩ። ነጂባ ኮፍያዋን አስተካክላ ጠበቀችኝ።

“ሂዱ” አልኳቸው።

ተነሥተው በተራ ወጡ፤ ትንንሾቹ መጀመሪያ።