የወንበሩ ስፌት

«ሞተሩን ያጥፉና ቁልፉን ኮፈኑ ላይ ያስቀምጡልኝ» አለች ሳጅኗ።

ሾፌሯ እንደታዘዘችው አደረገችና ከታክሲዋ ወረደች። የታክሲ ተራውን ጠራራ ፀሐይ ያነደዋል። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ተሳፋሪ የሚጠፋበት፣ ሾፌር ሁሉ ጥላ እየፈለገ ሥራ የሚፈታበት ነው፤ እንዲህ ባለው ሰዓት ፖሊስ መኪና ከበበ ማለት ለተራው ሰው ነጻ ትርኢት ተገኘ ማለት ነው። ከተሰበሰቡት ሁሉ ፊት የቆመው «ራዲዮ» የሚሉት ሾፌር ነበር። ስሙን ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም፤ የሰማው ወሬ አፉ ውስጥ አያድርም።

ሳጅኗ ሥርዓቱን በቃሏ እንደሸመደደችው አስረዳቻት። በሕዝብ ቦታ ያለ መኪና አደንዛዥ ዕፅ ይዟል ተብሎ በበቂ ምክንያት ከተጠረጠረ፣ ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ሊፈትሸው ይችላል። ምክንያቱ ግን በር ከመከፈቱ በፊት ቅጹ ላይ መጻፍ አለበት፤ ሁለት ታዛቢዎችም መቆም አለባቸው።

«የእኔ ምክንያት ምንድን ነው ታዲያ?» አለች ሾፌሯ።

ሳጅኗ ቅጹን ተመለከተች። ዕፅ ወደዚህ ተራ የሚገባው በታክሲ ነው የሚል ጥቆማ ደርሷታል፤ በየትኛው ታክሲ እንደሆነ ግን ጠቋሚውም አላወቀ። ከጠዋት ጀምሮ ሰባት መኪና አስቁማ፣ በመስኮት አጮልቃ፣ ይቅርታ ጠይቃ ለቃለች። ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚለው መስመር አሁንም ባዶ ነው። ሾፌሯ እንደ ሌሎቹ አንድ ሁለት ቀልድ ጣል ብታደርግ ኖሮ ስምንተኛ ሆና በሄደች ነበር።

ቀልዱ ግን ከየት ይምጣላት። ዓይኗ ሳታዘው ወደ ሾፌሩ ወንበር ይሄዳል፤ ትመልሰዋለች፤ ደግሞ ይሄዳል።

ታክሲዋ የሁለት ሰው ናት። ቀን እሷ ትነዳታለች፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሟ ይረከባታል። አባታቸው ጥሎላቸው የሄደው ይህችን መኪናና አንድ ደንብ ነው። መኪና የሚያስረክብ ሰው የተለወጠውን ሁሉ ይናገራል። ፍሬኑ ላላ፣ አምፖል ተቃጠለ፣ የኋላው በር ካልመቱት አይዘጋም፤ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር የለም። አንድ ጊዜ ተኳርፈው ወር ሙሉ ሲዘጋጉ እንኳ «ጎማ» ብሎ ቁልፉን ወርውሮላት ይሄድ ነበር እንጂ ደንቡን አላፈረሰም።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ሲሰጣት ግን «ሁሉም እንደነበረ ነው» አላት። እንደነበረ አልነበረም። ገና ስትቀመጥ ወንበሩ ከፍ ብሎ ተቀበላት። የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ስትደርስ እጇን ወደ ታች ሰደደች፤ ከወንበሩ ሥር፣ ሰው ተንበርክኮም በማያየው በኩል፣ አዲስ ስፌት ዳሰሰች። ድርብና ጥብቅ ነው፤ የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ማየት አላስፈለጋትም። ወንድሟ ሌዘር መስፋት የተማረው ዕፅ ለመተው በገባበት ማገገሚያ ነው። ከወጣ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ደውላ ልትጠይቀው ስልኳን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። የወጣ ዕለት አምኜሃለሁ፣ ከእንግዲህ አልመረምርህም ብላው ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚሉት ተረት ግን ከጠዋት ጀምሮ ከጭንቅላቷ አልወጣ ብሏል።

ሳጅኗ ያመማት ነገር እንዳለ ጠየቀቻት። ሙቀቱ ነው አለች። ሳጅኗ ጠጋ አለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አንቱታውንም ተወችው።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከመገኘቱ በፊት የተናገረ ሰው ምስክር ነው። ከተገኘ በኋላ የተናገረ ተከሳሽ ነው። መኪናው ደግሞ አንቺ እጅ ነው የተገኘው።»

ሾፌሯ ፈራች። ለአሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቅጣት ያልተጻፈበት መንጃ ፈቃዷ ታያት፤ ታክሲዋ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ታሽጋ፣ አቧራ ለብሳ ታየቻት። ቀጥሎ ደግሞ ተናደደች። ወንድሜ ድኗል እያለች በየሰዉ ፊት ስትምልለት የኖረችው ሴት ቂል መስላ ታየቻት። ራዲዮ እንዳይሰማ ጀርባዋን ሰጠችውና ወደ ሳጅኗ ጆሮ ጠጋ አለች።

«ወንድሜ ነው። ከወንበሩ ሥር የሰፋው ነገር አለ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ስትናገር ቀለል ያላት መስሏት ነበር፤ የሳጅኗ እስክሪብቶ ባዶው መስመር ላይ መሮጥ ሲጀምር ግን ቃሏን መልሳ መዋጥ አማራት። የወንድሟን ሙሉ ስም ተጠየቀች፤ ሰጠች። ዕድሜውን ተጠየቀች፤ ሰጠች። ከዚህ በፊት ተጠቃሚ ነበር ወይ ተባለች፤ እሱንም ሰጠች።

ራዲዮና አንዲት ትኬት ቆራጭ ለታዛቢነት ተጠሩ። ራዲዮ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ እየከተተ መጣ። ከሳጅኗ ጋር የነበረው ፖሊስ እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቀለለ፤ ባዶ እጁን ገልብጦ አሳያቸውና ተንበረከከ።

ስፌቱ በቀላሉ እጅ አልሰጠም። ፖሊሱ ምላጭ መቀየር ግድ ሆነበት። መጀመሪያ የወጣው አሮጌው ቢጫ ስፖንጅ ነበር፤ ቀጥሎ በጨርቅ የተጠቀለለ ወፍራም ነገር መጣ። ሾፌሯ ዓይኗን ጨፈነች። ፖሊሱ ጨርቁን ሲፈታ ሰማች፤ ሲጫን፣ ሲቀድ፣ ሲዳብስ ሰማች።

«ምንም የለም» አለ። «ስፖንጅ ነው።»

ዓይኗን ገለጠች። አዲስ ጥቁር ስፖንጅ ነው፤ ከኋላው ወፈር፣ ከፊቱ ሳሳ ተደርጎ በጥንቃቄ ተቀርጿል። ከጠዋት ጀምሮ ወገቧን አንድም ጊዜ እንዳላሰበችው ያን ጊዜ ነው የታወቃት። ሰባት ዓመት ሙሉ ስትወርድና ስትወጣ ሲቆርጣት የኖረ ወገብ ነው። ለጠየቃት ሁሉ ደህና ነኝ ትላለች፤ ወንድሟ ወንበሩን ላስተካክልልሽ ባላት ጊዜ ገና አላረጀሁም ብላ ተቆጥታው ነበር። ስለዚህ ሳይነግራት ሠራው። ብትሰማ ታስፈርሰው ነበር፤ እውነቱን ነው።

ሳጅኗ ስለተቀደደው ወንበር ከልቧ ይቅርታ ጠየቀች። ሾፌሯ የወንድሟ ስም እንዲሰረዝላት ለመነቻት።

«የተጻፈ ምክንያት አይሰረዝም» አለች ሳጅኗ፤ መልሳ ወደ አንቱታው ገብታለች። «ምንም አልተገኘም የሚለው ከሥሩ ተጽፏል። ይፈርሙ።»

ፈረመች። ቅጂውን ተቀብላ አጣጠፈችው። ፖሊሶቹ ወደሚቀጥለው መኪና ሲሄዱ ወንድሟ በተራው መግቢያ እየሮጠ ብቅ አለ፤ ራዲዮ ቀድሞ ደውሎለት ኖሯል።

«እቴ፣ ደህና ነሽ? ነክተውሻል?» ትከሻዋን ያዘ፤ ከእግር እስከ ራሷ አያት። ደህና መሆኗን ሲያረጋግጥ ነው ወንበሩን ያየው። ተንበረከከ። የተበጣጠሰውን ክር አንድ በአንድ እየለቀመ፣ መልሶ ለመስፋቱ አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም፣ አትዘኚ አላት። ወንበሩ ተመቸኝ ብላ ትደውላለች ብሎ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲያይ መዋሉን እየሳቀ አወራት። እሷ መሳቅ አቃታት።

ከዚያ እጁ ቆመ። የኋላውን ወንበር አየ፤ ምንጣፉን አየ፤ የዕቃ መጫኛውን አየ። የተነካ ነገር የለም።

«ሌላውን አልፈተሹትም?»

«አልፈተሹትም።»

«እዚህ ጋ መሰፋቱን እንዴት አወቁ?»

ጥያቄው ተንኮል አልነበረበትም። ምን ብትለው እንደሚያምናት ከፊቱ ታየዋለች፤ መዋሸት ያቃታት ለዚሁ ነው። አጠገቡ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠችና በላብ የረጠበውን ወረቀት ሰጠችው። ወንድሟ ዘረጋው፤ ከቀኑና ከሰሌዳ ቁጥሩ ጀምሮ ቀስ እያለ ማንበብ ጀመረ።