ከአሥር ሁለት

ስሂን ዓመት ሙሉ የተጽናናችው በአንድ ነገር ነው፤ አባቷ አቶ ኃይሉ ሳይሠቃዩ ነው የሄዱት። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ከአፏ የሰማው ይህንኑ ነው። እሱስ ትልቅ ነገር ነው ብሎ ያላጽናናት የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዚያው ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ፣ ላይብረሪ ውስጥ፣ ከዮዲ ጋር ተቀምጣለች። ሁለቱም ነርሲንግ ይማራሉ። አሳይንመንቱ ሁለት ጥናቶችን መርምሮ የትኛው እንደሚታመን መጻፍ ነው። ጥናቶቹ ስለ አበሻ አረጋውያን ሕመም፣ በአንድ ክሊኒክ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ በቁጥር፣ አንዱ በቃለ ምልልስ። የክሊኒኩን ስም ስታይ አወቀችው። አባቷን የምታመላልስበት ነበር።

«የቁጥሩን እንምረጥ» አለች ዮዲ፤ እዚሁ አሜሪካ የተወለደች ልጅ ናት። «ሰማንያ ስድስት ሰው ነው፣ አቨሬጁ ከአሥር ሁለት። ብዙ ፔይን የላቸውም ማለት ነው። ያኛው እኮ ስቶሪ ነው።»

ስሂን ያኛውን ገለጠች። ተሳታፊ አሥራ አንድ፣ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ፣ አማርኛ ለሚችል ጠያቂ የተናገረው፤ «አጥንቴን ይቆረጥመኛል። ትራስ ነክሼ ነው የማነጋው። ለልጄ አልነግራትም፤ ሁለት ሥራ ይዛ ምኑን ትቻለው?»

የተጻፈው በእንግሊዝኛ ይሁን እንጂ ቃሉ የአባቷ ነው። እንደ አባቷ ባቡር ነጂ የነበረ አበሻ ሜሪላንድ ውስጥ ስንት አለና! ይህን ሲናገሩ እሷ ሥራ ላይ ነበረች።

የቁጥሩ ጥናት ቀን ግን ያስተረጎመችው እሷው ነበረች። ነርሷ «ሕመምዎ ከአሥር ስንት ነው?» ስትላቸው የወንበሩን እጀታ ጨምድደው ይዘው «ተመስገን ነው፣ ምን ይደረጋል» አሉ። እስቲ ተመስገን ስንት ነው? የእኛ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ ተመስገን እንደሚል ስሂን ጠፍቷት አይደለም። ዘጠኝ ሰዓት ሥራ መግባት ነበረባት። እጃቸውን አይታ እንዳላየች ሆነች፣ «ሁለት» አለች። የገደላቸው ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ መግባቱ የታወቀው ከአምስት ወር በኋላ ነው።

እስክሪብቶዋን አነሳችና ስለ ቁጥሩ ጥናት፣ «የጥናቱ ድክመት» በሚለው ሥር ጻፈች፤ ልጅ ለአባቷ አስተርጉማለች።

ዮዲ አነበበችው፣ ገጾቹንም አገላበጠች። «ይሄ ፔፐሩ ላይ የለም። ሶርስሽ ምንድን ነው?»

«እኔ» አለች ስሂን። «ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ።»