የማይከፍት ቁልፍ

መጀመሪያ የተሰማው ድምፁ ነው። አንድ ቁልፍ ከውጭ በር ቀዳዳ ገብቶ ወደ ቀኝ ሞከረ፣ ወደ ግራ ሞከረ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ሐዘን ቤቱን የሞላው ሹክሹክታ ቀጥ አለ። ለለቀስተኛ ገርበብ ተደርጎ የተተወውን በር ነፋስ ዘግቶት ነበር። የበሩ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ እዚሁ ቤት ውስጥ አሉ፤ ሦስተኛውን ከትናንት ወዲያ ቀብረውታል።

ልጅቷ የሻይ ፔርሙዙን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከቀብር መልስ ከፍራሹ ያልተነሳችው እናቷ አንገቷን ቀና አደረገች። ፊቷ ላይ ድንጋጤ አልነበረም። እንዲያውም ፈገግ ለማለት ትንሽ የቀራት ትመስል ነበር።

«የማይሆን ቁልፍ ነው፤» አለች እናት ቀስ ብላ። «ሂጂ ክፈቺለት።»

ደጃፍ ላይ የቆመው ወጣት በአንድ ትከሻው የተጠቀለለ ፍራሽ ተሸክሟል፤ ሻንጣው እግሩ ሥር ነው። የእጁን ጀርባ የብየዳ ፍንጣሪ ነጠብጣብ አድርጎታል። የልጅቷን ጥቁር ልብስና ከኋላዋ የተደረደሩትን ሰዎች ሲያይ ቁልፉን ከቀዳዳው ለመንቀል ታገለ።

«ይቅርታ እህቴ፣ የጓሮዋን ክፍል ተከራይቼ ነው። በስልክ ነው የተነጋገርነው። ቁልፉን በመልእክተኛ ላኩልኝ።»

«ማን ነው የላከልህ?»

«ባለቤቱ።»

«ባለቤቱ ሞቷል፤» አለች።

አረፈ፣ ተለየን ሲሉ ሰነበቱ እንጂ ያቺን ቃል ከአፏ ስታወጣ የመጀመሪያዋ ነበር። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ አሳያት።

የማስታወቂያው ፎቶ የጓሮው የአባቷ ክፍል ነው። መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ፣ የካፖርቱ መስቀያ፣ የቧንቧ መፍቻዎቹ የተደረደሩበት መደርደሪያ። ፎቶውን ያነሳችው ራሷ ናት። አባቷ ሳይታመም በፊት ክፍሉን ላከራየው ብሎ ነበርና አንሺልኝ አላት፤ ከዚያ በሩ ላይ ሄዶ ተገተረ።

«አባዬ፣ ዞር በል እንጂ! የምናከራየው ክፍሉን ነው ወይስ አንተን?»

«እኔን ያላየ ክፍሉን አያይም። ባለቤት የሌለበት ፎቶ መዝጊያ የሌለው ቤት ነው።»

እስክትታክት ስቃበት ነበር። ተጠራጣሪ ሰው ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩን ሳይቀረቅር አይቀመጥም፤ ስልክ ደውሎ ዋጋ የሚጠይቀውን ሁሉ «መጥተህ እየኝ» ብሎ ይዘጋበታል። ሕመሙ ሲጠናበት ኢንተርኔት ላይ ያወጡትን ማስታወቂያ አነሱት። ለካ አንዱ አጭበርባሪ ቀድሞ ፎቶውን ወስዶታል። አባቷን ቆርጦ ጥሎታል። ሙሉ በሙሉ ግን አልቻለም፤ በፎቶው ጠርዝ፣ የበሩን መቃን የያዙ ጣቶች ቀርተዋል። ከጣቶቹ አንዱ፣ ጠቋሚው፣ ጫፍ የለውም። የቧንቧ መቁረጫ የበላት ጫፍ ናት።

ልጅቷ ስልኩን ቶሎ መለሰችለት።

«ግባ ልጄ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም፤» አለች እናት ከውስጥ።

ወጣቱ ገባ፤ ወንበር ተሰጠው፤ ሻይ ተቀዳለት። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ያስተፋችው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። ሰፈሩ «እትዬ ሬዲዮ» ይላታል፤ እሷም አቤት ትላለች።

«እና ቤቱን ሳታይ ነው ብሩን የላክህላቸው?»

«ሌሎች እየተሻሙበት ነው፣ ቶሎ ካልላክህ ያመልጥሃል አሉኝ። ነገ ጋራዥ ሥራ እጀምራለሁ፤ ማረፊያ ያስፈልገኝ ነበር። ያለኝን ላክሁ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አዬ ልጄ! አሁን ብትደውልላቸውስ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው።»

«ዛሬ የት ታድራለህ?» አለች እናት።

ወጣቱ ሻዩ ውስጥ አየ።

«የጓሮው ክፍል ባዶ ነው፤» አለች እናት።

«እማ!» ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከች። «ባዶ አይደለም። ካፖርቱ አለ። ትራሱ ላይ ራሱ ያረፈበት ጎድጓዳ እንኳ አልጠፋም። ማንም አይገባበትም።»

እናት በአገጯ ወደ በሩ ጎን ጠቆመች፤ ሚስማር ላይ አንድ ዝገት የበላው ቁልፍ ተንጠልጥሏል።

«ያ የምን ቁልፍ ይመስልሻል?»

ልጅቷ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ እዚያው ነው። ልጅ ሆና አባቷን ስትጠይቀው «የሀብቴ ነው፣ እንዳትነኪው» ይላት ነበር። እሷም እሱ ሥራ ሲሄድ ሰርቃ በየቁም ሣጥኑ፣ በየሣጥኑ ሞክራዋለች። አንዱንም አልከፈተም።

«ለአባትሽ የዚህ በር ነው ተብሎ የተሰጠው ነው፤» አለች እናት። «አንድ ደላላ ይህን የአባቴን ቤት በሐሰት አከራይቶት ብሩን ይዞ ጠፋ። አባትሽ ፍራሹን ተሸክሞ መጥቶ እዚያው ቀዳዳ ላይ ሲታገል፣ እኔ ግቢ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ሌባ መስሎኝ በሩን በርግጄ የሳሙናውን ውሃ ከነአረፋው ደፋሁበት።»

«አባዬ ላይ?»

«ከነፍራሹ! አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። አንድ ሌሊት ይደር፣ ነገ ይሄዳል አለ።» እናት የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «ያ አንድ ሌሊት ከትናንት ወዲያ ነጋ።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ያፍር ነበር። በየሰው ቤት እየገባ ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ሰው፣ አንድ በር እንዳሳፈረው አልረሳም። ፎቶው ላይ ካልቆምኩ ያለሽም ለዚያ ነው። ማንም በማያውቀው ሰው ቃል ፍራሽ ተሸክሞ እንዳይመጣ።»

የሰው ጨዋታ የማያመልጣት እትዬ ሬዲዮ ወንበሯን አስጠግታ ኖሯል። «ወይ ጉድ! እንግዲያማ ነገር ሊደገም ነው! አንቺ ልጅ፣ የሳሙና ውሃ ላምጣልሽ?»

ቤቱ ሳቀ። ወዲያው ሐዘን ቤት መሆኑን አስታውሶ አፉን ያዘ። ልጅቷ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ወጣቱ አፍሮ ቁልፉን በመዳፉ ውስጥ ጨብጦ ጫማውን ያይ ነበር።

«መሳቁን ትተን፣» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ «ይኼ ማስታወቂያ ካልወረደ ነገም ሌላው ፍራሹን ይዞ ይመጣል።»

ልጅቷ በስልኳ ለማስታወቂያ ገጹ ሐሰተኛ ነው ብላ አመለከተች። የመጣላት መልስ «እናየዋለን» የሚል ብቻ ነው። ያን ጊዜ እናቷ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። አጠገቧ የተቀመጡት ሰዎች ሊደግፏት ብድግ አሉ፤ በእጇ መለሰቻቸው።

«ነይ አንሺኝ።»

እናት የጓሮው ክፍል በር ላይ ቆመች። ማንም ሳይነግራት እጇ ወደ መቃኑ ሄደ፤ ከጣት ንክኪ ብዛት ቀለሙ የለቀቀበት ቦታ ላይ ዐረፈ። ልጅቷ ስልኳን ስታነሳ የእናቷ ጣቶች ባባቷ ጣቶች ቦታ ተቀምጠው አየች። አነሳቻት። ከሥሩ ጻፈችበት፦ «የቤቱ ባለቤት እኚህ ናቸው። መጥታችሁ ቤቱንም እሳቸውንም ሳታዩ ለማንም አትክፈሉ።» እዚያው ሐሰተኛው ማስታወቂያ ሥር ለጠፈችው።

«ቀሪውን እኔ ባፌ እለጥፈዋለሁ፤» አለች እትዬ ሬዲዮ።

እናት ግን እጇን ከመቃኑ አላነሳችም። ልጅቷ ትንሽ ጠበቀቻት። ከዚያ በክንዷ ሥር ሾልካ ገባች። የአልጋውን ልብስ ቀየረች። ትራሱን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆየችና አራገፈችው። መፍቻዎቹን ወደ አንድ ጥግ ሰበሰበች። ካፖርቱን ግን የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች፤ ለበሰችው። እጅጌው ጣቶቿን ዋጣቸው።

ወጣቱን «ና ግባ፤» ልትለው ወደ ሳሎን ተመለሰች።

ወንበሩ ባዶ ነበር። ሻዩ ከግማሽ አልወረደም። ፍራሹም ሻንጣውም የለም።

«አሁን እኮ እዚህ ነበር፤» አሉ ሽማግሌው ዙሪያቸውን እያዩ።

ሚስማሩ ላይ ሁለት ቁልፎች ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ዝጎ፣ አንዱ እያብለጨለጨ።

ወደ ውጭ በር ሮጠች። ከመንገዱ ጫፍ፣ ከሰው ራስ በላይ፣ የተጠቀለለ ፍራሽ ይታያል። ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ ስሙን አልጠየቀችውም ነበር። ፍራሹ መታጠፊያው ላይ ዘንበል አለና ተሰወረ።

ፀሐይ እየጠለቀች ነው። ልጅቷ ጣቶቿን ከካፖርቱ እጅጌ አወጣች፤ የበሩን መቀርቀሪያ ነካችውና ሳትቀረቅረው ተወችው።