ስምንተኛው ድምፅ

ኦርትሩድ መጥረጊያዋን የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ጎንበስ አለች። ጠዋት የጠረገችው ወለል ላይ እንደ ዱቄት የላመ የእንጨት ብናኝ እንደገና ወርዷል። ቀና ስትል መዘምራኑ የቆሙበት ሰገነት ተሸካሚ ግንድ ታያት። ከግንዱ በላይ ልጇ ሊዝቤት ቆማለች።

ከሰዓት በኋላ ለሚደርሰው የስቅለት ጸሎት ልምምድ ላይ ነበሩ። ዜማው ከመነሻው ከዚህ ቤት ሰገነት ጋር የተያያዘ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የቀድሞው ሰገነት ተደርምሶ ሕፃናት መዘምራን አለቁ። መምህራቸው ይህን ዜማ ለስምንት ድምፅ ጻፈና የሕፃናቱን መስመር ባዶ ተወው። ሰባቱ ይዘምራሉ፤ የሕፃናቱ ተራ ሲደርስ ሁሉም ዝም ይላል። ሰው ከሩቅ አገር የሚመጣው ለዚያ ዝምታ ነው። ኦርትሩድም በየዓመቱ እዚያ ላይ ሲደርሱ ታለቅሳለች።

ዛሬ ዝም ሲሉ ግንዱ ሲጥጥ አለ። አላለቀሰችም፤ ፈራች።

ለምሳ ሲወርዱ የመዘምራኑን መሪ ጠራችው።

"ሃርትቪግ፣ እስቲ ና ይህን እይ።"

"ብናኝ ነው እኮ፣ ወይዘሮ ኦርትሩድ። ቤቱ አርጅቷል።"

"ጠዋት ጠርጌዋለሁ። በአንድ ልምምድ ይህን ያህል?"

"አናጢው ከፋሲካ በኋላ ይመጣል።"

"ዛሬ ከታች ሆናችሁ ብትዘምሩስ?"

ሳቀ። "የተጻፈው ለሰገነቱ ነው። በጦርነቱ ጊዜ እንኳ አልወረዱም። በእኔ ጊዜ ይውረዱ ነው የሚሉኝ?"

"የእነዚያ ሕፃናት መምህርም እንዲህ ሳይል አልቀረም።"

ሳቁ ጠፋ።

"እማዬ፣ ደግሞ ጀመርሽ?" አለች ሊዝቤት ከስልኳ ቀና ሳትል። "በየዓመቱ አንድ የሚያስፈራ ነገር አታጪም። ነይ፣ የዓሣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ።"

"ቅደሙ፣ እደርሳለሁ።"

ሁሉም ወጡ። ኦርትሩድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የዚህን ቤት ቁልፍ ስትይዝ አንድም ቀን በር ከልክላ አታውቅም። ልማዱን ያፈረሰችው እሷ ናት መባሉ ያንገበግባታል። ቆማ ስታመነታ፣ ማንም በሌለበት ሰገነት ላይ እንጨቱ ቋ አለ።

ወደ ሰገነቱ የሚያወጣውን በር ቆለፈች። ከሰገነቱ ሥር ያሉትን ወንበሮች አንድ በአንድ እያነሳች ወደ መንበሩ አጠገብ ወሰደች። ለመዘምራኑ ስትደረድር ለሕፃናቱ የፊተኛውን ረድፍ ባዶ ተወች።

ሃርትቪግ ተመልሶ የሰገነቱን በር እጀታ ነቀነቀ። "ቁልፉ የታለ?"

"እኔ ጋ ነው" አለችና ቀጣዩን ወንበር አነሳች።