ሳትጠሩት አትንኩት

መብረቅ ከሶፋው ተነሥቶ በሩ ጋ እስኪደርስ የተቀዳ ሻይ ይቀዘቅዛል። ስሙን ያወጡለት የውሻ ሩጫ ሰዎች ናቸው፤ ያን ጊዜ እውነትም መብረቅ ነበር፣ ሲለቁት አቧራው እንጂ እሱ አይታይም ነበር ይባላል። ሩጫው ሲያበቃ እትዬ መጋረጃ ወደ ቤታቸው ወሰዱት፤ ስሙን ግን አልነኩበትም። «ስም ማዕረግ ነው፤ ጡረታ ወጣ ተብሎ አይገፈፍም» ይላሉ። እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን መጋረጃ ሲሰፉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሰፈሩ ዛሬም የሚጠራቸው በመጋረጃቸው ነው።

ግሬይሃውንድ የሚባለው ይህ የውሻ ዘር አጥንትና ቆዳ ብቻ ነው። ሌላው ውሻ ሲያረጅ ይወፍራል፤ ይኼኛው ሲያረጅ ብርድ ይገባዋል፣ ክርኑ ይላጣል፣ በሚያንሸራትት ወለል ላይ እግሩ ይከዳዋል። ደግሞ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል። እንግዳ ሰው የነቃ ይመስለውና እጁን ሰድዶ ይነካዋል፤ መብረቅም ከሕልሙ ባንኖ ጥርሱን ያሳያል። ስለዚህ በእትዬ መጋረጃ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ሳትጠሩት አትንኩት። መጀመሪያ ስሙን መጥራት፣ ጆሮው እስኪንቀሳቀስ መጠበቅ፣ ከዚያ መንካት። ከባድ ሕግ አይደለም፤ የሚያከብረው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ካላከበሩት አንዷ የገዛ ልጃቸው ናት። ባለፈው ሰሞን እትዬ መጋረጃ ጉንፋን ጥሏቸው ሊጠይቃቸው ሰው ሁሉ ሲመጣ እሷም መጣች። እናቷ አልጋ ላይ፣ ውሻው አልጋው ሥር ተጋድመዋል። ዓይኑን አፍጥጦ ሳይነቃነቅ ብታየው የሞተ መሰላት። ጎንበስ ብላ ሆዱን ስትዳብስ የሹራቧን እጅጌ ዘነጠለው። ቆዳዋ ላይ አልደረሰም፤ ድንጋጤው ግን ገና አለቀቃትም። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ለሰው መድኃኒት ስትሰጥ ትውላለች። መድኃኒት የሌለው ነገር አለ ቢሏት አታምንም።

«እማዬ፣ ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዣለሁ» አለች ዛሬ ስትገባ፣ ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ።

«የምን ቀጠሮ?»

«የእንስሳት ሐኪሟ ጋ፣ ለመብረቅ። መርፌው አያምም፣ እንደ እንቅልፍ ነው። ከቆመ መቀመጥ፣ ከተቀመጠ መነሣት አቅቶታል፤ አንቺም ታያለሽ። ለሱም እረፍት ነው፣ ላንቺም እረፍት ነው።»

እትዬ መጋረጃ ሲሰፉት የነበረውን ቁልፍ ተክለው፣ ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡ።

«እረፍት አምጡልኝ ብያለሁ?»

«እማዬ፣ እኔ እኮ…»

«ሐኪም ይየው፣ ጥሩ። እኔም ላሳየው ነበር፤ ሰሞኑን የፊት ቀኝ እግሩን ያነሣል። የሚሄደው ግን ሊታይ ነው፣ ሊሞት አይደለም።»

«ደረጃውን መውረድ አይችልማ። ባለቤቴ መጥቶ ይሸከመዋል።»

«ማንም አይሸከመውም። በእግሩ ይወርዳል።»

ልጅቷ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች ተነፈሰች። «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ አሉ።»

«አምባር አላማረኝም» አሉ እትዬ መጋረጃ። «እኔን ያማረኝ ምንጣፍ ነው።»

መብረቅ ማርጀቱን ለእሳቸው ማንም ሊነግራቸው አይችልም፤ ከሁሉ ቀድመው ያወቁት እሳቸው ናቸው። ፍራሹን ድርብ አድርገው የሰፉለት፣ ክርኑን ቅባት የሚቀቡት፣ አንገቱን ሲደፋ እንደሚያመው አይተው ሳህኑን በርጩማ ላይ ያወጡለት እሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጭኑን በሞቀ ፎጣ ያሹታል፤ እሱም እንደ ጌታ ተዘርግቶ ይታሻል። በእርግጥ ተሳስተውም ያውቃሉ። ለብርዱ ኮት ሊሰፉለት ሲነሡ ልኩን የወሰዱት ተኝቶ ሳለ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የለኩት ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ጨርቅ ነዋ። ኮቱ አለቀ፤ ሲተኛ ልክክ አለለት፣ ሲቆም ግን የጎበጠው ጀርባው ላይ ተሰብስቦ ቂጡን ለብርድ ሰጠው። እትዬ መጋረጃ ብቻቸውን እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፣ ከዚያም ተርትረው አቁመው ለክተው እንደ ገና ሰፉት።

ቤት ውስጥስ ችግር የለም። ችግሩ ከበሩ ውጭ ነው። የሕንፃው ኮሪደርና ደረጃ በየጊዜው እየተወለወለ ፊት ያሳያል። መብረቅ አንድ ቀን እዚያ ላይ አራቱም እግሮቹ በየፊናቸው ሄደውበት ተዘረጋ። ከዚያ ወዲህ ደፉ ላይ ቆሞ ወለሉን እንደ ሞላ ወንዝ ያየዋል፣ አይሻገርም። ጉዳዩን የሚፈጽመው በረንዳ ላይ ነው፤ ሲጨርስ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። እትዬ መጋረጃን ከሁሉ የሚያንገበግባቸው ይህ ነው። ያረጀ ሁሉ ማፈር አለበት ያለው ማን ነው?

ልጅቷ እንደ ወጣች ቁም ሣጥናቸውን ከፈቱ። ከሆቴል አዳራሽ መጋረጃ፣ ከቲያትር ቤት መጋረጃ የተረፈ ወፍራም ጨርቅ ለአንድ ቀን ይሆነኛል ብለው ያስቀመጡት ሞልቷል። ቀዩን ከቡናማው፣ ቡናማውን ከአረንጓዴው አያያዙ፤ እንዳያንሸራትት ከሥሩ ላስቲክ ሰፉበት። የስፌት መኪናው አቃሰተ፣ መርፌ ሰበረ፣ ተሰደበ፣ ሰፋ። የጣታቸው መገጣጠሚያ ሲያብጥ ለመብረቅ ባሞቁት ፎጣ እሳቸውም ታሹበት።

ዓርብ ከሰዓት ደረጃው ላይ ተንበርክከው ሲያነጥፉ የሕንፃው ኮሚቴ ሊቀመንበር መጣ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ነው።

«እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ምንጣፍ።»

«እሱንማ አየሁት። ደረጃው የጋራ ነው እኮ። ሁሉም እየተነሣ የፈለገውን ቢያነጥፍ…»

«የጋራ ከሆነ የእኔም ነው። ያነጠፍኩት በድርሻዬ ላይ ነው፣ በግድግዳው በኩል፣ አየህ? የቀረው የእናንተ ነው። እሱ ላይ እንደ ፈለጋችሁ ተንሸራተቱ።»

ሊቀመንበሩ ራሱን አሻሸ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ወሬ መያዝ ብቻ አይችልም። «ኧረ ምን አደከመዎት እትዬ፣ በወሩ መጨረሻ ለሚለቁት ቤት።»

እትዬ መጋረጃ እጃቸው ምንጣፉ ላይ ቀረ።

«ማን ነው የሚለቀው?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሊቀመንበሩ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል። «ልጅዎ ናት… እሷ ጋ ሊገቡ ነው ብላ ነገረችኝ። ለቤቱም ሰው አግኝቻለሁ። አልነገረችዎትም እንዴ?»

እትዬ መጋረጃ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ። ከንዴታቸው ይልቅ ሐዘናቸው በለጠ፣ ወዲያው ደግሞ ከሐዘናቸው ይልቅ ንዴታቸው በለጠ። የገዛ ልጃቸው ውሻውን ለሐኪም፣ ቤቱን ለሊቀመንበር፣ እሳቸውን ለራሷ አከፋፍላ ጨርሳለች። ለካ ለሁለቱም ነው ቀን የተቆረጠላቸው።

«ላገኘኸው ሰው፣ ቤቱ ሰው አለበት በለው» አሉ። «አሁን ያንን ጫፍ ያዝልኝ።»

ሊቀመንበሩ ጫፉን ያዘላቸው። ሌላ ምን ያድርግ?

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷና ባሏ መጡ። አማቹ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ መብረቅ ተጠጋ። «እማማ፣ ላንሣው?»

«ዘወር በል ልጄ።»

መብረቅ ኮቱን ለብሶ ደፉ ላይ ቆመ። ወለሉን አየ፣ ምንጣፉን አየ፣ አሸተተው። እትዬ መጋረጃ ማሰሪያውን አልጎተቱም፤ ቀድመው ወጥተው ምንጣፉ ላይ ቆሙና ስሙን ጠሩት። አንድ እግሩን አሳረፈ። እግሩ አልሄደበትም። ሁለተኛውን አሳረፈ። የፊት ቀኙን እያነከሰ፣ በየመታጠፊያው እየቆመና እያለከለከ፣ ሦስቱን ፎቅ በገዛ እግሩ ወረደ። በየደጁ ብቅ ያሉት ጎረቤቶች አዩት። ምድር ሲደርስ ቀና ብሎ ነፋሱን አሸተተ፤ እትዬ መጋረጃም ማንም እንዳያያቸው ወደ ግድግዳው ዞረው አለቀሱ።

የሐኪሟ ክፍል ወለልም ያብረቀርቃል። እትዬ መጋረጃ ጠቅልለው የያዙትን ቁራጭ ምንጣፍ ሳያስፈቅዱ ዘረጉ። ሐኪሟ ሳቀችና መሬት ቁጭ ብላ የመብረቅን ዳሌ ጨመቀች፣ አፉን ከፈተች፣ የሚያነሣውን እግር መዳፍ በአውራ ጣቷ ፈለገች። መብረቅ እግሩን ነጠቃት።

«እዚህ ጋ የደረቀ የቆዳ ጉጥ ተቀብሯል» አለች። «በሩጫ ውሾች መዳፍ ላይ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ጠጠር ያለበት ጫማ አድርጎ እንደ መሄድ ነው። ጥርሱም አንዱ በስብሷል፣ የሚነቀል ነው።»

ልጅቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔ እንኳን ቀጠሮ የያዝኩት ለ… ለመጨረሻው ነበር።»

«ገብቶኛል። የዳሌው ሕመም አይድንም፣ እየባሰ ነው የሚሄደው፤ አልዋሻችሁም። ማስታገሻ እሰጠዋለሁ። በቃ የሚባልበት ቀን ይመጣል፣ ዛሬ ግን አይደለም። ይኼ ውሻ ዛሬ የተቸገረው በእግሩና በጥርሱ ነው።»

«ያ ቀን ሲመጣ አውቀዋለሁ» አሉ እትዬ መጋረጃ። «ይዤውም የምመጣው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ስለ እሱ ቢደውል ስልኩን አታንሺ፣ ዶክተር።»

ሲመለሱም መብረቅ ደረጃውን በምንጣፉ ላይ በእግሩ ወጣ። ቤት ሲገቡ መብረቅ ፍራሹ ላይ ተዘረጋና ወዲያው ዓይኑን አፍጥጦ እንቅልፍ ወሰደው። አማቹ ነገሩ እንዳላማረ ገብቶት መኪናውን ላስተካክል ብሎ ወጣ። መኪናው የተስተካከለ ነበር።

«ሊቀመንበሩ ነግሮኛል» አሉ እትዬ መጋረጃ።

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። «ልነግርሽ ነበር። እኔ ጋ ያለውን ክፍልሽን ቀለም አስቀብቼ፣ አልጋ አስገብቼ፣ ሲያልቅ…»

«ሲያልቅ! ሲያልቅማ ምን ይነገራል?»

«እማዬ፣ አባዬን ወጥ ቤት ውስጥ ወድቆ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንቺ አይደለሽም። ያን ቀን በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አሁንም ስልክ ሳታነሺ በቀረሽ ቁጥር ያንን በር ነው የምከፍተው።» ድምፅዋ ተሰበረ። «እንዲህ ነው የምኖረው።»

እትዬ መጋረጃ ይህን ከልጃቸው አፍ ሰምተው አያውቁም። ልጃቸውን አቅፈው እሺ፣ ነገ እመጣለሁ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ግን አላሉም። አንድ ጊዜ እሺ ብለው የሚገቡበት ቤት፣ መውጫውም በሌላ ሰው እሺ እንደሆነ ያውቃሉ።

«ነይ ተቀመጪ» አሉ። «አንቺ የለካሽን ተኝተን ነው። እኔ በጉንፋን ተኝቼ፣ እሱ በእንቅልፍ ተኝቶ። እኔም ኮቱን እንደዚያ ለክቼ አበላሽቼዋለሁ፣ አልፈርድብሽም። ግን ሲሳሳቱ ይተረተራል። ቆመን ለኪን። መውደቄን ከፈራሽ ፍሪ፣ እኔም እፈራለሁ። ቁልፍ ያዢ፣ ጠዋት ጠዋት ደውዪ፣ ወጥ ቤት ምንጣፍ አንጥፊ ካልሽኝ አነጥፋለሁ። ከዚህ ቤት ግን በእግሬ ወርጄ ሐኪም ጋ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ፤ እንደሱ። የዚህ ቤት ሕግ ለውሻው ብቻ አይደለም። እኔንም ሳትጠሩኝ አትንኩኝ።»

ልጅቷ ስልኳን አወጣች፣ ሊቀመንበሩ ጋ ደወለችና «እናቴ አትለቅም» አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እሱ ግን ብዙ ሳይናገር አልቀረም፣ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው።

ተነሥታ ወደ ፍራሹ ሄደች። መብረቅ ዓይኑን ገልጦ ተኝቷል። እጇን ልትሰድ አለችና መለሰችው።

«መብረቅ» አለች በቀስታ።

ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ጆሮው ተንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ ተንበርክካ አንገቱን ዳበሰችው፤ መብረቅም ረጅም ትንፋሽ ተንፍሶ አፍንጫውን ጭኗ ላይ ጣለ። ልጅቷ እዚያው እንደ ተንበረከከች ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ።»

ሌላ አልተናገረችም። ጠበቀች።

እትዬ መጋረጃ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«አቤት» አሉ። «አሁን ተናገሪ። ልሰማሽ ነው፣ እሺ ልልሽ አይደለም።»