ጋሼ አራስ ሆነች

ፀጉር አስተካካዩ የደላላውን ማጅራት በምላጭ እየጠረገ ሳለ ጥጉ ላይ ካለው የመስታወት ሳጥን ውስጥ የመቧጠጥ ድምፅ ተሰማ። እጁን አንስቶ ዞረ። ጋሼ እንደገና አሸዋውን መቆፈር ጀምሯል።

ጋሼ እንሽላሊት ነው። አገጩ ሥር ጺም የሚመስል ሻካራ ቆዳ ስላለው ይህን የክብር ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ በዚህ ቤት ጺሙን ያልተላጨ እሱ ብቻ ነው እያሉም ይቀልዳሉ። ፀጉር አስተካካዩ እጁ ወርቅ፣ አፉ ግን ዝግ ነው። ጋሼ ከመምጣቱ በፊት ቤቱ ጭር ያለ ነበር። አሁን እሱን ለማየት የገባ ሁሉ ይቀመጣል፤ ወሬው ይደራል፤ ከወሬው መሀል አንዱ ተነስቶ ይስተካከላል። ሰሞኑን ታዲያ ጋሼ ምግብ አልቀምስ ብሎ ሆዱ ሲነፋ፣ ፀጉር አስተካካዩንም ምግብ አልበላ አለው። ይሞትብኛል ብሎ ፈርቷል።

ምላጩን አስቀምጦ እንደ ልማዱ በትንሽ ብሩሽ ጉድጓዱን ደፈነና አሸዋውን ደለደለ። ወለሉ ላይ የወደቀ ፀጉር ማየት እንደማይወድ ሁሉ ሳጥኑ ውስጥም ጉድጓድ ማየት አይወድም። ሰው የሚያየው ነገር ንጹሕ መሆን አለበት ባይ ነው።

“መቃብሩን እየቆፈረ ይሆናል፤ ለምን አትተወውም?” አለ ደላላው።

ፀጉር አስተካካዩ አልሳቀም። ከመጋረጃው ወዲያ የሴቶችን ፀጉር የምትሠራው ታላቅ እህቱ ግን ይህን ሰምታ እጇን በፎጣ እያደረቀች መጣች። ሦስት ልጆች የወለደች ናት። ጎንበስ ብላ በጋሼ ሆድ ቆዳ ሥር ጉብ ጉብ ያለውን ነገር ትክ ብላ አየች።

“ጋሼ የምትሉት ሴት ናት” አለች፤ “ያውም እርጉዝ።”

“ብቻዋን ሆና? ከማን?” አለ ደላላው።

“ዶሮስ ያለ አውራ እንቁላል ትጥል የለ እንዴ?”

ለእንስሳት ሐኪም ተደወለ። ሐኪሙም ነገሩ እህትየዋ እንዳለችው መሆኑን ነገራቸው። እንቁላሎቹ ባይፈለፈሉም መውጣት አለባቸው፤ ጠለቅ ያለ እርጥብ አሸዋ ይሰጣት፤ ሰው አያፍጥባት። ጉድጓዷን እየደፈኑባት ከሆነ ግን እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ይገድላታል። ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። በገዛ እጁ፣ በየማለዳው፣ መውለጃዋን ሲደፍንባት ከርሟል።

ከጎረቤት ግንባታ አሸዋ ለምኖ በባልዲ አመጣ፤ በውሃ አርሶ ሳጥኑ ውስጥ ከመረው፤ ደንበኛ የሚያለብሰውን ነጭ ጨርቅም ጣል አደረገበት። የመጣው ሁሉ ጨርቁን ልግለጥ ሲል እሱ ፊቱ ይቆማል። ከሰዓት በኋላውን የሁለት ሰው ፀጉር አበላሽቶ ቆረጠ ማለት ይቻላል፤ ልቡ ከጨርቁ ሥር ነበር።

አመሻሽ ላይ ጫፉን ገለጥ አደረገ። ጋሼ ሆዷ ሟሽሾ አሸዋው ላይ ተዘርራለች፤ ግን ዓይኗ ንቁ ነው። ጉድጓዱንም ራሷ ደፍናዋለች፣ ያውም ከእሱ አሳምራ። በጣቱ ቆፈር ሲያደርግ ነጫጭ፣ ለስላሳ እንቁላሎች አገኘ። እንባው መጣ፤ አላፈረበትም።

ደላላው ሊያድር የመጣ ይመስል እስካሁን አልሄደም። “እንቁላሎቹን እዚህ መስኮቱ ላይ ደርድራቸው” አለ። “ጋሼ ወለደች ከተባለ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ነው የሚመጣው። ወንበር ነው የሚያንስህ።”

እውነቱን ነው። ፀጉር አስተካካዩም ያውቀዋል፤ ባዶ ወንበር ማለት ምን እንደሆነም ያውቃል። ጋሼን አያት። ዓይኗን ከደን አድርጋ ነበር።

“ቤት ልወስዳት ነው” አለ።

“ስትጠነክር ትመልሳታለህ፤ አይደል?”

“አልመልሳትም። ሰው ሲያፈጥባት መዋሉ ይብቃት።”

ደላላው ባዶ የሚሆነውን ጥግ አይቶ፣ “ታዲያ እኛ ምን ልናደርግ እንመጣለን?” አለ። የጠየቀው ለክፋት አልነበረም።

ፀጉር አስተካካዩ ሳጥኑን እቅፍ አድርጎ አነሳ።

“ፀጉራችሁ ሲያድግ ኑ” አለ፤ እህቱ በሩን ከፈተችለትና ወጣ።